ከጅብራ አምባ ያልወረዱት

የመነሻው ትእዛዝ የደረሰን ወገል ጤና ላይ ነው። የገበያ ቀን ነበር። ወታደሮቼ ከገበያው ዳር ተቀምጠው የተቀቀለ ድንች እየገዙ ሲበሉ የሻለቃው አዛዥ አስጠራኝና ካርታ ዘረጋ። ጣቱን ያሳረፈበትን ቦታ ስሙን ሳላነብ አወቅሁት። ከአሸተን ማርያም ጀርባ ወደ ሰሜን የሚዘልቀው ተራራ ነው። ገበሬው ጅብራ አምባ ይለዋል። ከሥሩ ያለው መንደር የተወለድሁበት ነው።

«አገሩን ታውቀዋለህ አሉ» አለኝ።

«አውቀዋለሁ፣ ጌታዬ።»

«እንግዲያው ሻምበሏን ይዘህ ውጣ። ያለ እኔ ትእዛዝ ከዚያ አንድ ሰው እንዳይወርድ።»

እኔ መቶ አለቃ ነበርሁ። ሻምበሏ የምትመራው በሻምበል ማዕረግ ባለ ሰው ነበር፤ እሱ ከአንድ ወር በፊት ሞቶ ኃላፊነቱ በእኔ ላይ ወድቋል። የሰው ኃይላችንም በወረቀት ላይ ካለው እጅግ ያነሰ ነበር። ከወገል ጤና ስንነሣ ዘጠና አንድ ነበርን። ይህን ቁጥር ያዙልኝ አልልም፤ እኔ ይዤዋለሁ።

በእግር ነው የሄድነው። ጋሸናን አልፈን፣ ወደ ቆላው ወርደን፣ ተከዜን ገና ጅረት ሳለ ተሻግረን እንደገና ሽቅብ። የስንቅ ዳቦው ኮቾሯችን ድንጋይ ሆኖ በኮዳ ውኃ እየነከርን ነበር የምንበላው። ላሊበላ ስንደርስ ከቅዳሴ የሚመለስ ሰው መንገዱን ሞልቶት ነበር። ጥጉን ይዞ ቆሞ አሳለፈን። ያጨበጨበልን የለም፣ የሰደበንም የለም። አብራኝ የተማረች አንዲት ሴት ዐይኗ ዐይኔ ላይ ሲያርፍ ነጠላዋን እስከ አፍንጫዋ ሳበችና ፊቷን አዞረች።

ልጆች ስለዚያ ጦርነት ሲጠይቁኝ አስቀድመው የሚሉት «ተገደው ነው አይደል የዘመቱት?» ነው። አይደለም። በፈቃዴ ነው።

በዚያ በክፉው ድርቅ ዘመን ተማሪ ነበርሁ። አባቴንና ታናሽ እህቴን በአንድ ሳምንት ውስጥ ቀበርን። እህል የመጣው ዘግይቶ በወታደር መኪና ነው። ሰው ሲያየው ተንጋግቶ ተሰለፈ፤ ጉልበት ያለው ከፊት፣ መቆም ያቃተው ከኋላ። ከመኪናው የወረደው ወጣት መቶ አለቃ ሰልፉን ትንሽ ተመለከተና ስንዴውን አሸክሞ ወደ ጅራቱ ሄደ። ማደል የጀመረው ከኋላ፣ መሬት ላይ ከተቀመጡት ነው። ከፊት የነበሩት ጮኹበት። አልሰማቸውም። እናቴ ከመጨረሻዎቹ አንዷ ነበረች። እኔ ሌላ የማውቀው መንግሥት አልነበረኝም፤ ለእኔ መንግሥት ማለት ያ ሰው ነበር። አሥራ ሁለተኛ ክፍል እንደ ጨረስሁ መኮንንነት ለመሠልጠን በራሴ ሄጄ ተመዘገብሁ። እህሉ ለምን እንደዘገየ የገባኝ ትከሻዬ ላይ ኮከብ ካረፈ በኋላ ነው፤ መኪኖቹ አስቀድመው የሚያመላልሱት ጥይት ነበር።

ጅብራ አምባ ላይ ምሽግ ስንቆፍር ጧት ጧት ውርጭ ነበር። ወታደሮቼ አብዛኞቹ የደቡብ ልጆች ነበሩ። ውርጭ አይተው አያውቁም። መሬቱ ነጭ ሆኖ ሲያድር ጨው መስሏቸው የቀመሱ ነበሩ። ሳቅን። ከዚያ እጅና እግራቸው ማበጥ ሲጀምር ሳቁ ቀረ።

ሁለት ሰዎችን ላስተዋውቃችሁ። አንዱ ሃምሳ አለቃ በየነ ነው። በዕድሜ ከሁላችንም ይበልጣል፤ ሰሜን ግንባር በተደጋጋሚ ቆስሎ በተደጋጋሚ የተመለሰ፣ ብዙ የማይናገር ሰው። ሻምበሏን በደንብ ያዘዝኋት እንደሆነ በየነ ስላለ ነው። ሌላው ላምቤቦ ይባላል፤ የሀዲያ ልጅ፣ መትረየስ ተኳሽ። ሆሳዕና ገበያ ቅቤ ሊሸጥ ወጥቶ ነው ያፈሱት። ቅቤው ምን እንደሆነ እስከ መጨረሻው ያብሰለስል ነበር። «ማን ወስዶት ይሆን? እቃው እንኳ የሰው ነበር» ይላል።

አንድ ጧት አብረን ስንቆፍር ጠየቀኝ፦ «መቶ አለቃ፣ እርስዎን የት ያዙዎት?»

«የት ያዙኝ ስትል?»

«እኔን ገበያ ላይ ነው። ሃምሳ አለቃን ድሮ ቡና ለቀማ ሄደው ሳለ። እርስዎንስ?»

«ማንም አልያዘኝም። ራሴ ሄጄ ነው የተመዘገብሁት።»

አካፋውን ተደገፈ። የታመመ ሰው እንደሚታይ አድርጎ አየኝ። ከዚያ ድምፁን ዝቅ አድርጎ «አይዞዎት» አለኝ።

እናቴ መምጣቴን ሰምታ ከመንደሩ ሽቅብ ወጣች። በሶና የገብስ ቆሎ በአቁማዳ ይዛለች። ቃፊሩ ያዛትና ወደ እኔ አመጣት። ተሳሳምን። ከስታለች። ድንጋይ ላይ አስቀመጥኋት።

«ሰው እንደ ድሮው አያናግረኝም» አለች። «የአንች ልጅ ነው መድፍ ያመጣብን ይሉኛል።»

«መድፉ የኔ አይደለም፣ እማ። ከታች ከተማው ዳር ነው ያለው።»

«ለኔ ምን ትነግረኛለህ? ለነሱ ንገራቸው እንጅ።» ደግሞም «የጎረቤታችን የወርቄም ልጅ ማዶ ካሉት ጋር ነው። ለሁለታችሁም ነው ማርያምን የምለምን። እሷ ታስታርቀው» አለች።

ከዚያ ተነሥታ በየምሽጉ እየዞረች ቆሎ አደለች። ላምቤቦ ሁለት እጁን ዘርግቶ ተቀበላት።

«ያገርህ ስም ማነው?» አለችው።

ነገራት። የት እንደሆነ አላወቀችም።

«እናትህ እዚህ እንዳለህ ታውቃለች?»

«አታውቅም፣ እማማ።»

እናቴ እዚያው አፈሩ ክምር ላይ ቁጭ ብላ አለቀሰች። ለእኔ አላለቀሰችም። እኔ መኮንን ነኝ፤ በፈቃዴ የመጣሁ።

ማጥቃቱ የጀመረው ሊነጋጋ ሲል ነው። መጀመሪያ ሞርታር ነበር። የመጀመሪያው ከኋላችን ወደቀ፣ ሁለተኛው ከፊታችን፣ ሦስተኛው መሀላችን። የአንደኛው መቶ መሪ እዚያው ቀረ። ከዚያ ማዶ ያሉት ከምሥራቁ ዳገት መጡ። ጉም ነበር፤ ጫማቸው የላስቲክ ስለሆነ ኮቴያቸው አይሰማም። ያየናቸው ቦምብ መወርወሪያ ርቀት ላይ ሲደርሱ ነው። ተኮስን። ተመለሱ። ጉሙ ሲገፈፍ ዳገቱ ላይ የቀሩትን አየናቸው። አንዱ ገና እየተንቀሳቀሰ ነበር። ወገኖቹ እየተሳቡ መጥተው እስኪወስዱት ድረስ ማንም አልተኮሰም። አትተኩሱ ያልሁ እኔ አይደለሁም፤ የተነጋገረም የለም።

ከቀትር በኋላ ደግመው መጡ። ይህኛው ከሁለት በኩል ነበር። ምንጩን ያዙብን። ከዚያ ወዲያ ውኃ የለም።

በሬዲዮ ለሻለቃው አሳወቅሁ። «ያዙ» አለኝ። «አጋዥ ጦር እየመጣ ነው።»

በማግስቱም ማለዳ አጠቁን፤ መለስናቸው። በሬዲዮ «ያዙ፣ አጋዥ እየመጣ ነው» ተባልን። ጥይት በነፍስ ወከፍ እየቆጠርን ማደል ጀምረን ነበር። ቁስለኞቹ ከአንድ ትልቅ ቋጥኝ ሥር ተኝተው ውኃ ይላሉ። በየነን ጠራሁት።

«ቁስለኞቹን ይዘህ ውረድ። ለደጀኑ አስረክበህ ጥይት አስጭነህ ተመለስ።»

«ያለ ትእዛዝ ሰው እንዳይወርድ ተብሏል፣ መቶ አለቃ።»

«እኔ አዝዣለሁ በላቸው።»

መሬት መሬቱን አየ። «እሺ» አለ። መራመድ የሚችሉት የማይችሉትን እየደገፉ፣ አንዱን እሱ አዝሎ ወረዱ። በየነ አልተመለሰም።

ምን እንደደረሰበት የሰማሁት በኋላ፣ በምርኮ ሳለሁ ከእነዚያ ቁስለኞች ከአንዱ ነው። ከታች፣ ከተራራው መውረጃ በር ላይ፣ የሚሸሽ ወታደር እንዲያስቆም የተመደበ የእኛው ጓድ ነበር። መሪው በየነን «ማን ውረድ አለህ?» አለው። «መቶ አለቃዬ» አለ። «መቶ አለቃህን ማን ፈቀደለት?» በየነ ያዘለውን ሰው ቀስ አድርጎ መሬት ላይ አስቀመጠ። «ቁስለኞቹን ተረከቡኝና የፈለጋችሁትን አድርጉ» አለ። ቁስለኞቹ እያዩ ረሸኑት። እነሱንም የተረከባቸው የለም። ጓዱ ያን ዕለት ቦታውን ለቆ ሲሄድ መንገድ ዳር ትቷቸው ነው የሄደ።

በየነ ባለቤትና ሁለት ሴት ልጆች ነበሩት። ለወደቁ ወታደሮች ቤተሰብ የሚሰጠው እርዳታ ለእነሱ አልተሰጠም፤ የሸሸ ነው ተብሎ ተመዝግቧልና።

ያን ቀን ግን ይህን አላወቅሁም። አምባው ላይ ሆኜ በየነን ነበር የምጠብቅ። ወደ ቀትር ገደማ የሬዲዮ ሠራተኛችን ተስፋዬ ማዳመጫውን ከጆሮው አነሣ።

«መቶ አለቃ፣ የሚመልስልኝ የለም።»

«ደግመህ ጥራ።»

ደጋግሞ ጠራ። ጅብራ አምባ ላይ የቆመ ሰው ከላሊበላ የሚወጣውን መንገድ እስከ ሩቅ ያያል። ላምቤቦ ነው መጀመሪያ ያየው። በጣቱ አሳየን። አቧራ ነው። ከአቧራው ፊት መኪኖች። መድፉ ከኋላ ይጎተታል። ከምሽጋችን ወጥተን ቆመን አየን። የሚተኩስብን አልነበረም፤ ማዶ ያሉትም ሳይመለከቱት አልቀሩም።

«እነማን ናቸው?» አለ ላምቤቦ።

«የእኛ ናቸው።»

«ወዴት ነው የሚሄዱት?»

መኪኖቹ ጠመዝማዛው ላይ አንድ በአንድ ጠፉ። አንድ ወታደር ሳቀ። ሌላው ኮፍያውን አውልቆ ምሽጉ ጠርዝ ላይ አስቀመጠው።

ሰዎቹን ሰበሰብሁ። «ከአሁን በኋላ ትእዛዝ የለም» አልኋቸው። «በምዕራብ በኩል ገደሉን የሚያወርድ የፍየል መንገድ አለ። በልጅነቴ ወርጄበታለሁ። መውረድ የሚችል ይውረድ። ወንዙን ይዛችሁ ወደ ቆላ ሂዱ፤ መንደር አትግቡ።»

መንገዱን ለተስፋዬ በጣቴ መሬት ላይ ሥዬ አሳየሁት። አንድ ሰው ግን መትረየሱ ላይ መቅረት ነበረበት፤ አለዚያ ገደሉ ላይ ሳሉ ከላይ ይለቅሟቸዋል።

«እኔ እቀራለሁ» አለ ላምቤቦ።

«አንተ ሂድ። እኔ እተኩሳለሁ።»

«እግሬን ይመልከቱት።» ዘረጋልኝ። በውርጭ አብጦ እንጀራ የተጋገረበት ምጣድ ያህል ጠቁሯል ብል ማጋነን ይሆናል፤ ግን እግር አይመስልም ነበር። «ይሄ ገደል አይወርድም። ስለ ጀግንነት አይደለም፣ መቶ አለቃ። ብችልማ እሮጥ ነበር።»

ሌሎቹ ወረዱ። እኔና ላምቤቦ፣ መሄድ ካልቻሉት ጥቂቶች ጋር ቀረን።

ዘጠኝ ሰዓት ገደማ መጡ። በዚህ ጊዜ አልጮኹም፣ አልሮጡም። ቀስ ብለው፣ ከየድንጋዩ ጀርባ እየተነሡ መጡ። ላምቤቦ በአጭር በአጭሩ ተኮሰ። ጥይት አላባከነም። ገደሉ ላይ ያሉት ከታች ያለው ጫካ ውስጥ ሲገቡ ዞሬ አየሁ። «ገቡ» አልሁት። ራሱን ነቀነቀ። የጥይቱ ሰንሰለት አልቆ ሌላ ሲያጎርስ ተመታ። የተናገረው ነገር የለም። ለአባቱ የምነግረው አንድ ቃል ቢተው ደስ ባለኝ፤ አልተወም። ጎኑ ላይ ጋደል አለና አበቃ።

ከዚያ ምሽጉ ውስጥ ገቡብን። ቦምብ ፈነዳ። ተደባለቅን። እነሱም እኛም እዚያው ጉድጓድ ውስጥ እርስ በርስ ላይ ወደቅን። እኔ ጭኔን ተመትቼ ተቀመጥሁ። ሽጉጤን ማን እንደወሰደው አላየሁም።

ቁስሌን ያሰረችው ሴት ታጋይ ናት። ፀጉሯን አጎፍራ፣ የሕክምና ቦርሳ በትከሻዋ አንግታ። ያኔ እኛ ወንበዴ ነበር የምንላቸው። ሱሪዬን በምላጭ ቀደደችና ቁስሉን አየች።

«ተገደህ ነው የመጣኸው?» አለችኝ።

«በፈቃዴ ነው።»

ማሰሪያውን ጠበቅ አደረገችው። «እኔም» አለች። ውኃ ሰጥታኝ ወደሚቀጥለው ሄደች።

ስለ ምርኮው ብዙ አልናገርም። አልገረፉንም። ምግብ ሲኖራቸው ሰጡን፣ ሳይኖራቸው አብረን ጾምን። መንግሥት ተለወጠ። የተማረክነውም ያልተማረክነውም፣ ሠራዊቱ በሙሉ ተበተነና ተሃድሶ የሚባል ሰፈር ገባን። እዚያ ትምህርት ይሰጣል፤ ከትምህርቱ በኋላ እያንዳንዱ እየተነሣ ለምን እንደዘመተ ይናገራል። ተገድጄ ነው ያለ ቶሎ ይለቀቅ ነበር። አስተማሪያችን ክፉ ሰው አልነበረም። ለብቻዬ ወሰደኝ።

«የገበሬ ልጅ ነህ» አለኝ። «ተገደህ መሆን አለበት።»

«አይደለም። በፈቃዴ ነው።»

«ለምን ራስህን ትጎዳለህ? አንድ ቃል እኮ ነው።»

ለኩራት ብዬ አልነበረም። የሚያኮራ ነገር አልቀረኝም። ነገር ግን በእውነት የተገደዱ ሰዎች አውቄ ነበር፤ ቅቤያቸውን ገበያ ላይ ጥለው የመጡ። የእነሱን ቃል ወስጄ ራሴን ማዳን ነውር መሰለኝ። ስለዚህ ከሁሉም ዘግይቼ ወጣሁ። የወጣሁበት ወረቀት ላይ በፈቃደኝነት የሚለው ተጽፎ ነበርና ላሊበላ ስመለስ ማስተማር ብጠይቅ ተከለከልሁ፤ ቢሮ ብጠይቅ ተከለከልሁ። ጡረታ የለም። የማያውቁኝ ልጆች በመንገድ ላይ «የድሮ ወታደር» እያሉ ይጠቋቆሙብኝ ነበር። እናቴን ደርሼላት፣ በእጄ ቀበርኋት፤ ይህ አንዱ ያልተነፈግሁት ነገር ነው።

ከተማው ግን አደገ። አውሮፕላን ማረፊያው ተሠራ፣ ሆቴሉ በየዳገቱ በቀለ። የሆቴል ዘበኛ ሆንሁ። ለእንግዶች በር እከፍታለሁ፣ ሻንጣ እቀበላለሁ። ወደ ሰሜን ቀና ስል ጅብራ አምባ ይታየኛል።

ከጥቂት ዓመታት በኋላ የወደቁ ታጋዮችን አጥንት ሰብስቦ በክብር የሚያሳርፍ ኮሚቴ በአካባቢው ዞረ። ጅብራ አምባም ወጣ። ሰምቼ ከኋላቸው ሄድሁ። ገበሬዎች ምሽጋችንን ይቆፍራሉ። የመጨረሻው ውጊያ ምሽጉ ውስጥ ስለነበረ አጥንቱ ተቀላቅሏል።

ከቆፋሪዎቹ አንዱን፣ የመንደሬን ሰው፣ «እንዴት ነው የምትለዩአቸው?» አልሁት።

«በጫማው ነዋ። ኮንጎ ያደረገው የነሱ ነው፣ ቆዳ ያደረገው የናንተ።»

ኮንጎ የምንለው የላስቲክ ጫማ አፈር አይበላውም። ኮንጎ ያለበትን እያወጡ ነጭ አቡጀዲ ላይ ያኖራሉ። ቆዳ ጫማ ያለበትን መልሰው ጉድጓዱ ውስጥ ከተው አፈር ይመልሱበታል። በሥርዓት፣ በጥንቃቄ ነው የሚሠሩት። ማንም ክፉ ነገር እየሠራ ያለ አልመሰለውም።

ያን ጊዜ ነው ላምቤቦ ትዝ ያለኝ። ላምቤቦ እግሩ ካበጠ በኋላ ቆዳ ጫማ አልገባ ብሎት ነበር። ምሽጋችን ፊት ከወደቀ ታጋይ እግር ኮንጎ አውልቆ ነበር ያደረገው። መትረየሱ በነበረበት ጥግ ሲቆፍሩ ቆሜ አየሁ። ባለ ኮንጎውን አወጡት። አቡጀዲው ላይ አኖሩት። አንዲት ሴት እልል አለች።

አልተናገርሁም። ብናገር ጉድጓዱ ውስጥ መልሰው ይከቱት ነበር።

የቀሩትን፣ ባለ ቆዳ ጫማዎቹን፣ ቤተ ክርስቲያን አጥር ውስጥ እንድናሳርፋቸው ቀበሌውን ጠየቅሁ። ሊቀመንበሩ በትሕትና ነው የመለሰልኝ። «ለእነሱ መመሪያ አልወረደልንም» አለ። የመንደራችን ቄስ መምሬ ጥበቡ ብቻ አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ አብረውኝ ወጡ። ምሽጉ አጠገብ ቆመው ፍትሐት አደረሱ። ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው ነበር። ሲጨርሱ «ይቅር በለኝ ልጄ፣ ጮክ ብዬ ማለት ነበረብኝ። ፈራሁ» አሉኝ። እሳቸው እንኳ ወጥተዋል፤ ምን ይቅር እላቸዋለሁ?

የላምቤቦ አባት የመጡት ከዚያ በኋላ ነው። ጧት የሆቴሉን በር እጠርጋለሁ። ረጅም ሽማግሌ፣ ካፖርት የደረቡ፣ ጥቁር ጃንጥላ የያዙ፣ ከመንገዱ ማዶ ቆመው አዩኝ።

«መቶ አለቃ አያሌው አንተ ነህ?»

በማዕረጌ የጠራኝ ሰው ከጠፋ ብዙ ዓመት ሆኖት ነበር። መጥረጊያውን ጣልሁት።

አቶ ሄራሞ ይባላሉ። ልጃቸውን ሲያፈላልጉ በስንት እስር ቤትና ሰፈር ዞረው በመጨረሻ ተስፋዬን፣ የሬዲዮ ሠራተኛዬን፣ አዲስ አበባ አግኝተውታል። ወደ እኔ የላካቸው እሱ ነው። ወንበር አውጥቼ አስቀመጥኋቸው።

«ሞቷል?» አሉኝ።

«ሞቷል፣ አባቴ።»

«አይተሃል?»

«አጠገቡ ነበርሁ።»

ራሳቸውን ነቀነቁ። «ሱዳን ገብቷል የሚሉኝ ነበሩ። እናቱ ያጨንለትን ልጅ ለሌላ አትስጧት እያለች ስንት ዓመት ከሰው ተጣላች። ልጅቱ አሁን አራት ወልዳለች» አሉ። ከዚያ «ቦታውን አሳየኝ» አሉኝ።

ጃንጥላቸውን ምርኩዝ አድርገው ጅብራ አምባ ወጡ። አላረፉም። ምሽጉ ተደፍኗል፤ ግማሹ ላይ ገብስ ተዘርቶበታል። እንዴት እንደሞተ ነገርኋቸው። ስንቶቹ በእሱ ምክንያት ገደሉን እንደወረዱ ነገርኋቸው። ከእነዚያም አንዱ ተስፋዬ ነው።

«እዚህ ነው ያለው?» አሉ በእጃቸው ገብሱን እያሳዩ።

ልዋሻቸው እችል ነበር። እዚህ ነው ብላቸው አልቅሰው፣ ጸልየው ይሄዱ ነበር። ግን ይህን ሁሉ አገር አቋርጠው የመጡት ለውሸት አይደለም። የጫማውን ነገር ነገርኋቸው። ሁለት ጊዜ አስደገሙኝ። አማርኛው አልገባቸው ብሎ አይደለም።

በማግስቱ አጥንቱ ወዳረፈበት ሐውልት ሄድን። ግቢው ጽዱ ነው፤ አበባ ተተክሎበታል። የምትጠብቀው ወጣት ሴት እየሮጠች መጥታ አቶ ሄራሞን በአክብሮት ጎንበስ ብላ ጨበጠቻቸው።

«የሰማዕት ቤተሰብ ነዎት፣ አባባ?»

«ልጄ ወታደር ነበር» አሉ። «ከገበያ በግድ ነው የወሰዱብኝ። ይሄ ሰው እዚህ ነው ይለኛል።»

ልጅቱ እኔን አየችኝ። «እዚህ ያሉት ታጋዮች ናቸው» አለች ግራ ተጋብታ።

«እናውቃለን» አልኋት። «ትንሽ ይቀመጡ ብቻ።»

ዞር አለችልን። አቶ ሄራሞ ኮፍያቸውን አውልቀው ከሐውልቱ ፊት ተንበረከኩ፤ በራሳቸው ቋንቋ ጸለዩ። ከጸሎቱ የገባኝ የልጃቸው ስም ብቻ ነው። ሲነሡ ጉልበታቸውን አራገፍሁላቸው። እብነ በረዱ ላይ የተጻፈውን እንዳነብላቸው ጠየቁኝ። ስለ ድል የሚናገር ነው። አነበብሁላቸው።

«እንግዲህ ልጄ» አሉኝ «ያሸነፈ ነው የተሸነፈ?»

«የሞተ ነው፣ አባቴ።»

ክንዴን ያዙኝ። እስከ መኪና ማቆሚያው ድረስ አለቀቁኝም። ከተሳፈሩ በኋላ በመስኮቱ እጃቸውን አውጥተው «አንተን አልቀየምህም» አሉኝ። መኪናው ሲሄድ ቆሜ ቀረሁ። እኔ ራሴን ያልጠየቅሁትን ነገር ነው የመለሱልኝ።

እንግዲህ ቁጥራችን ይህ ነው። ዘጠና አንድ ሆነን ወጣን። አምባው ላይ የቀሩት አምሳ ስምንት ናቸው። ከበየነ ጋር ከወረዱት ዘጠኝ ቁስለኞች ሰባቱ መንገድ ዳር አለቁ። በየነን የእኛው ጥይት ገደለው፤ ከእኛው ሙታን ጋር እቆጥረዋለሁ። በፍየል መንገዱ ከወረዱት አሥራ ዘጠኝ አምስቱ አልደረሱም። ከእኔ ጋር ከተማረኩት አንዱ በምርኮ ሳለ ሞተ። ሰባ ሁለት። የእነሱን ሙታን ቁጥር አላውቅም፤ ምሽጋችን ፊት የወደቁትን ግን ቀርቤ አይቻቸዋለሁ፣ ከወታደሮቼ በዕድሜ የሚያንሱ ነበሩ።

ያን ተራራ ከዚያ ወዲህ የፈለገው ሰው የለም። ሻለቃው ለቆ ሲሄድ እንኳ ሰው እንደነበረበት ያስታወሰ አልነበረም።

ከሰባ ሁለቱ የአርባ አንዱን ስም ከነአባታቸው አስታውሳለሁ። የቀሩት የሠላሳ አንዱ ስም ጠፍቶኛል፤ መልካቸውን ብቻ አውቀዋለሁ። እኔ ስሞት እሱንም የሚያውቅ ሰው አይኖርም።